ስለ ዋሳችን ስለ ወይዘሮ ተረፈች ቦጂያ ዕረፍት

ከ«የድካም ፍሬ» ክርስቲያናዊ አገልግሎት የሥራ አመራር ኮሚቴ የተሰጠ መግለጫ
ሰበታ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአገልግሎቱ ሠራተኞችና አባላት፣ ለቀጣሪ ድርጅቶች፣ እንዲሁም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለምትገኙ ጎረቤቶቻችን በሙሉ

የአገልግሎታችን መሥራች ወይዘሮ ተረፈች ቦጂያ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ረቡዕ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ወደ ጌታቸው ሄደዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ሰበታ በሚገኘው የቤተ ክርስቲያናቸው መካነ መቃብር ቤተሰቦቻቸው፣ ወዳጆቻቸውና በርካታ ሠራተኞች በተገኙበት ተፈጽሟል። ኮሚቴው የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል።

ሐዘናችን እውነተኛ ነው። ሆኖም ከቀብሩ ወዲህ የሆነውን ያየ ሰው አንገቱን ደፍቶ ማዘን ብቻ አይሆንለትም። በዚህ መግለጫ መካከል ደስታችን ያለ ቦታው ብቅ ቢል ይቅር በሉን፤ ልንደብቀው ሞክረን አልቻልንም።

ወይዘሮ ተረፈች መናገሻ አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወልደው በትዳር ወደ ሰበታ መጡ። ከባለቤታቸው ከኦቦ ዲሪርሳ ሶያማ ጋርም ሁለት ወፍጮ የነበረው ወፍጮ ቤት ከፍተው ልጆቻቸውን በዚያ አሳድገዋል። አገልግሎታችን የተጠነሰሰው እዚያው ዱቄት መካከል ነው። በኩንታል ያስፈጭ የነበረ ጎረቤት እህሉን በፌስታል ይዞ ሲመጣ ወይዘሮ ተረፈች ሥራ መፍታቱ ይገባቸው ነበር። ሰው ፊት አያነሡበትም። ዱቄቱን ሲያስረክቡት ብቻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ነገ ጠዋት ኮቱ፣ ና፣ እንነጋገራለን» ይሉታል።

በ2007 ዓ.ም. አገልግሎቱ በወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ በጸሎትና በአንድ አግዳሚ ወንበር ተጀመረ። የመጀመሪያው ተረጂ አቶ ወንዳፍራሽ እሸቴ ነበሩ። ገላን የሚገኝ አንድ መጋዘን በጥበቃ ሊቀጥራቸው ፈቅዶ ዋስ እንዲያቀርቡ ጠየቃቸው። ዋስ ማለት ሠራተኛው ንብረት ቢያጎድል ከራሱ የሚከፍል ሰው ነው። ለአገሩ አዲስ የሆነ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ብዙዎች ሥራ አግኝተው ዋስ በማጣት ብቻ ተመልሰዋል። ወይዘሮ ተረፈች የወፍጮ ቤቱን ንግድ ፈቃድ ይዘው ገላን ድረስ ሄዱና ፈረሙ።

ከዚያ በኋላ መፈረም አላቆሙም። ለምን እንደዚህ እንደሚደፍሩ ሲጠየቁ «ጌታ ለእኔ ዋስ ሲሆን መቼ አንገራገረ?» ይሉ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የቡራዩ ቅርንጫፍ ተከፈተ። ሥራ ፈላጊዎች ለቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁበት፣ የተቀጠሩትም ደመወዛቸውን እስከ ወር መጨረሻ ማድረስ የሚማሩበት ክፍል ተቋቋመ። በመጀመሪያ ደመወዙ ነጠላ ገዝቶ ለምስጋና የመጣ ሁሉ ነጠላውን እንደ ታጠፈ ይዞ ይመለስ ነበር። «ነጠላ ሞልቶኛል፤ ቁጠባ ከፍተሃል ወይ?» የሚለው ጥያቄያቸው ያስቀየማቸው ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ከኪራይ ቤት የወጡት ከእነዚሁ መካከል ናቸው።

በ2012 ዓ.ም. ዋስ የሆኑለት አንድ ሠራተኛ ንብረት ይዞ ተሰወረ። ወይዘሮ ተረፈች ከሁለቱ ወፍጮዎች አንዱን ሸጠው ከፈሉ። ከእንግዲህ እጃቸውን ይሰበስባሉ ተብሎ ሲጠበቅ «ዋስ አንዳንዴ ይከፍላል፤ ባይከፍልማ ዋስ ለምን ያስፈልግ ነበር?» ብለው በሳምንቱ ለሌላ ሰው ፈረሙ።

በ2015 ዓ.ም. የሱሉልታ ቅርንጫፍ ሥራ ጀመረ።

አሁን ለሕዝብ ልናሳውቀው ወደ ቸኮልነው ጉዳይ እንገባለን። ወይዘሮ ተረፈች ባረፉበት ዕለት ሠላሳ የሚያህሉ ሠራተኞች በእሳቸው ዋስትና በሥራ ላይ ነበሩ። ዋስ ሲሞት ቀጣሪ አዲስ ዋስ ይጠይቃል። ደንብ ነው፣ ማንንም አንወቅስም። ዐርብ ከቀትር በኋላ በለቅሶው ድንኳን ተቀምጠን ሳለ ስልኮች ተራ በተራ መጮኽ ጀመሩ። መልእክቱ ተመሳሳይ ነበር፤ እስከ ሰኞ ጠዋት ዋስ ያላቀረበ ሠራተኛ ሥራ አይገባም።

ቡራዩ በሚገኝ የጅምላ መደብር ገንዘብ ተቀባይ የሆኑት ወይዘሮ ሙሉዬ አብዶ ስልካቸውን ዘግተው በነጠላቸው ተሸፈኑ። ሦስት ልጆች የሚያሳድጉት በዚያ ደመወዝ ነው። በሰው ለቅሶ ላይ የራስን እንጀራ ማንሣት ነውር ነው። ለሟች የሚለቀሰው ከሥራ መባረርን ፈርቶ ከሚለቀሰው ጋር ተደባለቀ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ያን ጊዜ አቶ ወንዳፍራሽ ተነሡ። ዛሬ የዚያው የገላኑ መጋዘን ኃላፊ ናቸው። «ሙሉዬ፣ ለአንቺ እኔ አለሁ» አሉ። «አዴ ተረፈች ሲፈርሙልኝ የአባቴን ስም እንኳ አያውቁም ነበር። እኔ አንቺን ከነልጆችሽ አውቅሻለሁ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በመግለጫ ቋንቋ መጻፍ ይቸግረናል። ቀድሞ በወይዘሮ ተረፈች ዋስትና ተቀጥረው ዛሬ ቋሚ ሠራተኛ የሆኑት፣ የራሳቸውን ሱቅና ጋራዥ የከፈቱት ከየወንበራቸው ተነሡ። «ለሱሉልታው ልጅ እኔ!» «የእኔ ደመወዝ ይበቃል ወይ?» «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ፣ እኔ እፈርማለሁ!» ድንኳኑ የገበያ ቀን መሰለ። በለቅሶ ቤት እልል ማለት ባይለመድም አንዲት እናት አላስቻላቸውም፤ ማንም አልገሠጻቸውም። ኦቦ ዲሪርሳም ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየናቸው።

ቅዳሜ መሥሪያ ቤት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ከጠዋት ጀምሮ የደመወዝ ደብዳቤ የሚያጽፍ፣ ማኅተም የሚያስመታ፣ በሚኒባስና በባጃጅ የሚከንፍ አባላችን ከሰበታ እስከ ገላን፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ መንገዱን ሞላው። አንዱ ሠራተኛ ዋስ ባገኘ ቁጥር የኮሚቴው ስልክ ይጮኻል፤ ቢሮ ያለነውም ሰርግ ያለብን ይመስል እናጨበጭባለን።

አንድ ሰው ግን ቀሩ። ወይዘሪት ያኔት ወርቅቱ ይባላሉ። ሱሉልታ በሚገኝ የውኃ ማሸጊያ ፋብሪካ ሰኞ ሥራ ሊጀምሩ የወይዘሮ ተረፈችን ፊርማ ብቻ ሲጠብቁ የነበሩ ናቸው። ከሁለት ዓመት ሥራ ፍለጋ በኋላ ያገኙት ዕድል ነበር። ከእኛ ጋር ገና ስላልቆዩ ብዙ ሰው አያውቃቸውም፤ አንድ የደመወዝ ደብዳቤ ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ስለሚያገለግል ዋስ መሆን የሚችለው አባል ሁሉ ተይዞ አልቋል። ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው የሱሉልታ ቅርንጫፋችን በር ተከፈተ። የገቡት ወይዘሮ ሙሉዬ ነበሩ። ትናንት ዋስ አጥተው ያለቀሱት ሴት የራሳቸውን ደብዳቤ አጽፈው፣ ማኅተሙ ሳይደርቅ ይዘው መጥተዋል። «እኔም ደመወዝተኛ ነኝ እኮ» አሉ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ይህን ሸክም ወይዘሮ ተረፈች ብቻቸውን ሲሸከሙ ኖረዋል፤ ዛሬ ጌጣችን ሆኗል! ስለሆነም ኮሚቴው ትናንት ባደረገው ስብሰባ በአገልግሎታችን በኩል ዋስ ያገኘ ሠራተኛ ሁሉ ቋሚ በሆነ ጊዜ ለአንድ አዲስ ሰው ዋስ እንዲሆን ወስኗል። ቀጣሪ ድርጅቶች ይህን እንድታውቁልን እንጠይቃለን። ዋሳችን ሞተዋል ብላችሁ አትስጉ፤ በርክተዋል።

ለኦቦ ዲሪርሳ ሶያማ፣ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም በሦስቱም ከተሞች ላሉ የሥራ ባልደረቦቻቸው የእግዚአብሔር መጽናናት ይብዛላችሁ እንላለን። ቤተሰቡን ደግሞ ስለ ሰኞ ይቅርታ ልንጠይቅ አስበን ነበር። ለቅሶ ያለ ሰው ሲቀር ለሟችም ለቤተሰብም ውርደት እንደሆነ እናውቃለን፤ ሰኞ ጠዋት ግን ከእኛ መካከል በድንኳኑ የተገኘ አልነበረም።

ይቅርታው እንደማያስፈልግ የነገሩን የእድሩ ዳኛ ናቸው። ረፋድ ላይ ዕቃ ሊረከቡ ሲመጡ ኦቦ ዲሪርሳን በባዶ ወንበሮች መካከል ብቻቸውን ተቀምጠው አገኟቸው። ደንግጠው «ምነው፣ ሰው የት ጠፋ?» ብለው ጠየቁ።

ኦቦ ዲሪርሳ ሰዓታቸውን ተመለከቱ። «ሁሉም ሥራ ገብተዋል» አሉ። «ለቅሶዋ ዛሬ አማረ።»