የታሰረው የአባባ ድምፅ

ለታላቅ እህቴ ለእትዬ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ከመቀመጫሽ ስትነሺ አሁንም ይንቋቋል? ጋሼ ባለቤትሽስ ሳሉ ለቀቃቸው? የትንሿ ልጅሽ የወለቀ ጥርስ በቀለ? የቤቱ በር ማጠፊያስ ዘይት አገኘ ወይስ እንደ ድሮው ያለቅሳል? እኔ ደኅና ነኝ፤ ጤናዬ ለጎረቤት የሚተርፍ ነው።

ይህን ማን ጻፈለት ብለሽ አትድከሚ። እኔው ነኝ፣ በገዛ ጣቴ። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። ከአሥራ ሰባት ሰው ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣችው ሽንኩርት ሻጭ ናት፤ እሷም ቢሆን ከሰሌዳው ሥር ስለምትቀመጥ ነው። መምህራችን የእኔን «ጨ» አይታ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጨ አላየሁም ብላለች። ማመስገኗ ይሁን መውቀሷ አልጠየቅኋትም፤ ደስ ባለኝ በኩል ወስጄዋለሁ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልግባ። አባባ ካረፉ በኋላ በስልክሽ የቀዳሽውን ድምፃቸውን በፍላሽ አድርገሽ በአውቶቡስ ሾፌር ልከሽልኝ፣ እኔ ደግሞ በሾፌሩ አፍ «ባዶ ዕቃ ልከሽ አትቀልጅብኝ፤ ምንም ካላሉኝም ምንም አላሉህም በይኝ» ብዬ ክፉ ቃል መለስኩልሽ። ስልክሽ ውሃ ገብቶበት ሌላ ቅጂ እንደሌለሽም በኋላ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ዝም አልሽኝ። እውነትሽን ነው። እኔ ግን ያን ቃል የተናገርኩት ፍላሹ ባዶ መስሎኝ ነው። በምሠራበት ማተሚያ ቤት ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯ ላይ ስትሰካው አንድ ነገር ጮኸ፣ ቀይ ጽሑፍ ብልጭ አለ፤ ከዚያ ከፍታ ብታይ ውስጡ ምንም የለም። እኔም ባዶውን ፍላሽ ደረት ኪሴ ከትቼ፣ አባባ ተቀይመውኝ ነው የሞቱት እያልኩ ወረቀት ስሸከም ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት ያው ኮምፒውተር ጠዋት አልነሳም አለ። ፊቱ ጥቁር ሆኖ ቀረ። አለቃችን ለደንበኛ ቃል የገቡበት መጽሐፍ ውስጡ ስላለ ጉድ ፈላ፤ ጠጋኝ ተጠራ። ቦርሳው ከእሱ የሚከብድ ቀጭን ሰውዬ ነው። ብዙ ከጎረጎረ በኋላ፣ የማሽኑ ጠባቂ፣ አንቲቫይረስ የሚሉት፣ ተሳስቶ የራሱን ቤት ሰው አስሯል አለን። ኮምፒውተሩ በየማለዳው የሚነሳበትን ፋይል ባዕድ ነው ብሎ ጠርጥሮ ቆልፎበታል። ገደለው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አይገድልም አለ፤ የጠረጠረውን ለብቻው ክፍል ያስገባዋል፣ እዚያ ሆኖ መናገርም መንቀሳቀስም አይችልም፣ ስሙ ግን መዝገብ ላይ ይቆያል፤ ሰው መጥቶ «መልሰው» ወይም «አጥፋው» እስኪል ይጠብቃል። እኔም ታዲያ ከአለቃችን በምን ይለያል አልኩ። አለቃችን ከኋላዬ ቆመው ነበር።

ጠጋኙ ፋይሉን ፈትቶ ወደ ቦታው ሲመልሰው ማሽኑ ተነሳ። ከዚያ የቀሩትን እስረኞች ላጽዳ ብሎ መዝገቡን ከፈተው። አርባ ያህል ይሆናሉ፤ ሁሉም በፈረንጅ ፊደል የተጻፉ፣ ለእኔ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊያጠፋ ጣቱን ሲያነሳ፣ መካከል ላይ አንድ መስመር በእኛ ፊደል ተጽፎ አየሁ። እንደ ክፍላችን አንድ አንድ እያልኩ ለቀምኩት። አ፣ ባ፣ ባ። ለ፣ ጡ፣ ሩ፣ ም፣ ባ። እትዬ፣ በዚህ ምድር ላይ ጡሩምባ ብለው የሚጠሩኝ አባባ ብቻ ነበሩ። የሰውዬውን እጅ አንቄ ይዤ ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም፤ ጸሐፊዋ ኤሌክትሪክ የያዘኝ መስሏት ሶኬት ነቅላለች።

በኋላ ጠጋኙ ሲያስረዳኝ፣ ድምፁን ከስልክሽ ወደ ፍላሹ የገለበጠችልሽ የኮምፒውተር ቤት ሴትዮ በራሱ በሚፈታ ጥቅል ጠቅልላ ነው የጫነችልሽ። ተንኮለኞችም ተንኮላቸውን እንደዚያው ስለሚጠቀልሉት ጠባቂው ጠረጠረ። አለቃችን ማሽኔ ላይ አይፈታም ብለው ማሉ። ጠጋኙ ግን ከቦርሳው አሮጌ ኮምፒውተሩን አወጣ፤ ደኅና ከሆነ ይናገራል፣ ከታመመ ይህችው አሮጊት ትሙት ብሎ እዚያ ፈታው።

የወረቀት መጋዘኑ ውስጥ ሆነን ሰማነው። መጀመሪያ ሳል። ከዚያ ያንቺ ድምፅ፣ ንገሩት አባባ፣ ይሰማዎታል የሚል። አባባ ቀኑን ጠየቁ፤ ኀሙስ ነው፣ ፀሐይ እየጠለቀች ነው አልሽ። ከዚያ በሩ ላይ ያለው ማነው አሉ። ማንም የለም አልሻቸው። አለ እንጂ፣ ጫማውን እየጠረገ ነው፤ ጡሩምባ ነው እኮ፣ ምነው ግባ አትሉትም አሉ። ስትነሺ ይሰማል፣ ማጠፊያው ሲያለቅስ ይሰማል። ብዙ ቆይተሽ ተመለስሽና የለም አባባ አልሽ። እዚያ ላይ አለቀ። ጠጋኙ ቀና ብሎ አላየኝም። አለቃችን በር ላይ ሆነው ሲሰሙ ኖሯል።

እትዬ፣ አባባ ታመው ሳለ ያልመጣሁት ፈቃድ ከልክለውኝ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ያን ኀሙስ ሳልነግራችሁ ዱብ ልል ተነስቼ ነበር። የአውቶቡሱን ግንባር ማንበብ አልቻልኩም። ልጠይቅ ደግሞ አፈርኩ፤ አፌ ለጉራ እንጂ ለጥያቄ አይከፈትም። ሰማያዊ ነው፣ የእኛው ነው ብዬ ወጣሁበት። ፀሐይ ስትጠልቅ የማላውቀው ከተማ ላይ አወረደኝ። ዘንቦ ነበር። አንድ ማረፊያ ቤት ደጃፍ ቆሜ ጭቃዬን ስጠርግ፣ ስጠርግ ቆየሁ፤ ልግባም ልመለስም አልቻልኩም። የማንም አባት አላየኝም ብዬ ነበር ያሰብኩት። በነጋታው ደውለሽ ማረፋቸውን ስትነግሪኝ እዚያው ነበርኩ። ትምህርት ቤት የገባሁትም ለዚያ ነው፤ ለእውቀት ፍቅር አይደለም።

ድምፁን ከሰማሁበት ቀን ወዲህ ጫማዬን በጠረግሁ ቁጥር ከውስጥ የሚያዳምጠኝ ሰው ያለ ይመስለኛል። እጄን አቆማለሁ፤ ያም ዝም ይላል።

ጠጋኙ ድምፁን ከሚታመኑት ተራ አስገብቶልኛል፤ ዳግም አይያዝም። አንቺን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በሩን ከፍተሽ «የለም» እስክትዪ ድረስ ብዙ ዘግይተሻል። ምን አየሽ? እውነቱን ጻፊልኝ። አሁን የማንም አፍ አያስፈልገኝም፣ ራሴ አነባለሁ።

ለጋሼ ከነሳላቸው ሰላም በይልኝ። ለትልቁ ልጅሽ አጎትህ ሁለተኛ ወጣ ብለሽ ንገሪው፤ ከስንት ሰው እንደሆነ አትንገሪው። ጥርሷ የወለቀባትን ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። የአባባ አልጋ ላይ የምትተኛዋን አክስታችንን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ወሩ ሲያልቅ ፈቃድ ወስጄ፣ የአውቶቡሱን ግንባር ሁለት ጊዜ አንብቤ እመጣለሁ። ማጠፊያውን እስክመጣ ዘይት አትቀቢው። በሩ ላይ ጫማ ሲጠረግ ብትሰሚ አትደንግጪ፤ ግባ በይኝ።

ወንድምሽ ጡሩምባ
ከማተሚያ ቤቱ ወረቀት መጋዘን
ማክሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን