በለጋሾች መኪና ማቆሚያ ባዶዋን ስለዋለች አንዲት ቦታ

ለክቡር ዶክተር ዌንደል ክራብትሪ
የቶሊቨር ሪጅ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት

ግልባጭ፦ ይህን ጋዜጣ ለሚያነብ የአውራጃችን ሰው ሁሉ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ክብርት ባለቤትዎም፣ አዲሱ የስታዲየም ሣርዎም በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። ሣሩን የጨመርኩት ለማሾፍ አይደለም፤ እሱ ትንሽ ካመመው ማሳከሚያው ከእኛ ከወላጆች ኪስ እንደሚወጣ ስለማውቅ ነው።

ቨርና ስቲድሃም እባላለሁ። በኮልተን ፎርክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ያበሰልኩ፣ ባለፈው መጋቢት ባሌን የቀበርኩ ሴት ነኝ። ልጄ ሊያን በእርስዎ ኮሌጅ የነርስነት ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ይቅርታ፣ ከዛሬ አሥር ቀን በፊት ድረስ ነበረች። የፊታችን ሐሙስ በስምንት ሰዓት አምስት የተከበሩ የይግባኝ ኮሚቴ አባላት ተቀምጠው ትመለስ ወይስ ትሰናበት በሚለው ላይ እጅ ያወጣሉ። ልጄ ከዚያ ክፍል ነርስ ሆና ትወጣለች፣ ወይም የአራት ዓመት ድካሟን ጥላ ትወጣለች። ክቡርነትዎ በሥራ ተወጥረው ሳለ የማደክምዎ ለዚህ ብቻ ነው።

ቅሬታ የሚለውን ቃል ስለማልወደው ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ነፃው ትኬት እግዜር ይስጥልኝ። ከትምህርት ክፍያው በታች በየመንፈቀ ዓመቱ የምትመጣ «የአትሌቲክስ ክፍያ» የምትባል አምስት መቶ አሥር ዶላር አለች። ይህቺ ምንድን ናት ብዬ ለገንዘብ ቢሮዎ ስጽፍ፣ ተማሪዋ የፉትቦል ጨዋታን በነፃ እንድትገባ የምታደርግ ክፍያ መሆኗን አንድ ትሁት ሰው አስረዳኝ። በሰባት መንፈቅ ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ዶላር በላይ ከፍለን የተሰጠንን ነፃ ነገር ሳስብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሊያን አንድም ጨዋታ አላየችም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆስፒታል ተለማማጅ ናት። እኔም ብሆን ልጆች ምሳቸውን በነፃ እንዲበሉ መጀመሪያ እንደማስከፍላቸው ብናገር ርዕሰ መምህራችን ሐኪም ትጠራልኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀድሞው የፉትቦል አሰልጣኝ ነው። ሰውየው ከአሥራ አንድ ጨዋታ ሁለቱን አሸንፎ ከሥራ ሲሰናበት፣ ውሉ ስላላለቀ ደመወዙ ለሦስት ዓመት እንደሚቀጥል ይኸው ጋዜጣ ጽፎ አንብበናል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል ነበር፤ የእርስዎ ኮሌጅ ግን ተሽሮም የሚበላበትን ዘዴ አግኝቷል። እኔ በሰው እንጀራ አልገባም። ብቻ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ፤ እሱ ሦስት ዓመት ባለመምጣቱ ይከፈለዋል፣ ልጄ አንድ ጠዋት በማርፈዷ ትባረራለች።

ሦስተኛውን ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

ልጄ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከአሥር ሰዓት እስከ ማታ በኮሌጅዎ የስልክ ክፍል ትሠራለች። ሥራዋ ለቀድሞ ተማሪዎች እየደወሉ ገንዘብ መለመን ነው፤ እናንተ ልማት ትሉታላችሁ። ሲገቡ የራሳቸውን ስልክ በር ላይ ባለ ሣጥን ያስቀምጣሉ፤ ማንም እየሠራ እንዳይነካካ ነው፤ ጥሩ ደንብ ነው። የቀድሞ ተማሪዎች ወደ ግቢው በሚመለሱበት በታላቁ ጨዋታ ዋዜማ፣ ዓርብ በአሥር ሰዓት ከአርባ፣ «ደስታችን እጥፍ ድርብ ነው!» የሚል ኢሜይል ለተማሪዎች በሙሉ ላካችሁ። ስለ ሙዚቃው ጓድ፣ ስለ ርችቱ፣ ስለ ጥብሱ ካተተ በኋላ፣ ከፊርማዎ በታች በደቃቅ ፊደል፣ ሰባት ቁጥር መኪና ማቆሚያ ለክቡራን ለጋሾች ስለሚያስፈልግ እዚያ የሚገኝ የተማሪ መኪና ሁሉ ሊነጋ ሲል ተጎትቶ እንደሚነሳ ይናገራል። ሰባት ቁጥር ማለት ከቤታቸው እየተመላለሱ ለሚማሩ ልጆች የተመደበ፣ ለዓመት መቶ ሰማንያ ዶላር የምንከፍልበት ቦታ ነው። በዚያ ሰዓት ልጄ ስልኳን ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጣ ለእናንተ ትለምን ነበር።

ማታ ሥራዋን ጨርሳ ስልኳን ስታወጣ ኢሜይሉን የርችት ማስታወቂያ ብቻ መስሏት አልከፈተችውም። ወደ ቤትም አልመጣችም፤ እኛ ዘንድ ያለው የተራራ መንገድ ሃምሳ ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ ሆስፒታሉ ደግሞ ለኮሌጁ ስለሚቀርብ፣ ቅዳሜ እንዳታረፍድ ብላ ጓደኛዋ ማደሪያ ተኛች። ክቡርነትዎ፣ እንዳታረፍድ ብላ! ሊነጋጋ ሲል የነርስ ልብሷን ለብሳ ስትወርድ ሜዳው ተጠርጎ፣ በየቦታው የለጋሾች ስም ያለበት ሰሌዳ ቆሞ፣ መኪናዋ የለችም። ለግቢው ፖሊስ ብትደውል፣ «እህቴ፣ የጨዋታ ቀን አይደል እንዴ? ኢሜይል አታነቢም? መኪናሽ ከከተማ ውጭ ነው፤ ሰኞ ነይና ቅጣቱን ከፍለሽ ውሰጂ» አላት። የኮሌጁ አውቶቡስስ ብትለው፣ እሱ ለጋሾችን ከሆቴል ያመላልሳል አላት። ያ አውቶቡስ እኛ በምንከፍለው የትራንስፖርት ክፍያ የተገዛ መሆኑን ለፖሊሱ አልነገረችውም፤ ልጄ ጨዋ ናት፣ በጠባይዋ አባቷን ነው የምትመስለው።

በእግሯ ስትሮጥ አንድ የዳቦ መኪና ሾፌር አዝኖላት አደረሳት። መድረስ ያለባት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፤ የደረሰችው አንድ ሰዓት ከሃያ። ስትደርስ የመምህሯ ዓይን እንባ ሞልቶ ነበር አሉ። «የኔ ልጅ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሩብ ሰዓት ካለፈ እንደ ቀረሽ ነው የሚቆጠረው። ሁለተኛሽ ነው» ብላ ስሟ ላይ ምልክት አደረገች። ሁለት ቀን የቀረ ከፕሮግራሙ ይወጣል ይላል መመሪያው። የመጀመሪያው ቀን መቼ እንደሆነ ክቡርነትዎ አያውቁም ይሆናል፤ በመጋቢት አባቷን የቀበርንበት ቀን ነው። መመሪያው ቀብርና መዝናናት አይለይም። ወይ ነዶ!

እኔ ወሬው እንደደረሰኝ ልብሴን ሳልቀይር በጎረቤቴ መኪና ወደ ግቢው በረርኩ። መኪናችን ተገፍታ የማን መኪና እንደገባ ማየት ፈለግሁ፤ ያገኘሁትን ሰው ልሰድብም ተዘጋጅቼ ነበር፣ አልዋሽም። ዙሪያው ሰው ሁሉ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ሥጋ ይጠብሳል፣ ቢራ ይከፍታል፣ ይዘፍናል። ሊያን በስልክ እየመራችኝ፣ ከመብራት ምሰሶው ሦስተኛዋ ቦታ ላይ ደረስኩ። ባዶ ናት። «ለኮሌጃችን ቸር ወዳጅ ለሚስተር ኦሪን ፑል የተጠበቀ» የሚል ሰሌዳ ብቻዋን ትጠብቃለች። ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ቆምኩ፤ ማንም አልመጣባትም። አንዲት መኪና ሳትቆምባት ዋለች።

ስሙን ሳነብላት ሊያን ስልኩን ዘጋችው። በኋላ ነው የነገረችኝ፤ ለካ ሚስተር ኦሪን በመስከረም እሷው ራሷ ደውላ ያስለገሰቻቸው ሽማግሌ ናቸው። ስልካቸውን ከማውጫ ፈልጌ ደወልኩላቸው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። «እሜቴ፣ ዓይኔ ከተያዘ ስድስት ዓመቴ፤ ምን መኪና አለኝና ነው?» አሉኝ። ከኮሌጁ አንድ የሚያብረቀርቅ ወረቀት በፖስታ መጥቶላቸው ለጎረቤታቸው ቢያስነብቡት የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ ሆነ፤ ስቀው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። ባለቤታቸው አይዴል ያረፈችው ሊያን በምትለማመድበት ሆስፒታል ነው፤ ነርሶቹ በየሁለት ሰዓቱ እያገላበጡ፣ ፀጉሯን እያበጠሩ ነው የሸኟት። በስልክ ያነጋገረቻቸው ልጅ የነርስነት ተማሪ መሆኗን ሲሰሙ፣ «በይ እንግዲያው ይበልጥ የሚያስፈልገው የት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እዚያ አድርጊልኝ» ብለው አንድ ሺህ ዶላር ሰጡ። «እኔ እኮ ለእናንተው ነው የሰጠሁት» አሉኝ።

ይህን ለሊያን ስነግራት መኪናዋ ስትወሰድ ያላለቀሰችውን ያህል አለቀሰች። የስልክ ክፍሉ ደንብ ሠራተኛዋ ለጋሹን ወደ ራሷ ትምህርት ክፍል እንዳትመራ ይከለክላል፤ ስለዚህ ታማኟ ልጄ ሰውየው ባሉት መሠረት «ይበልጥ ለሚያስፈልገው» የሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረገች። ያ ሣጥን የሚፈሰው ወደ ፕሬዚዳንቱ ፈንድ ነው፤ የፕሬዚዳንቱ ፈንድ ዘንድሮ ይበልጥ የሚያስፈልገው ብሎ ያገኘው የተጫዋቾቹን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ነው። ወንበሮቹ ይሞቃሉ አሉ። የነርሶቹ መለማመጃ ክፍል ውስጥ ያለችው አሻንጉሊት በሽተኛ ግን አንድ እጇ በፕላስተር የተጣበቀ ነው፤ ልጄ መርፌ መውጋት የተማረችው በእሷ ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ነገሩን አንድ ላይ ያድርጉት። ልጄ ክፍያዋን ከፈለች፣ ደግሞ ተቀምጣ ለመነችላችሁ፣ በልመናዋ የተገኘው ገንዘብ ለአንድ ማየት ለተሳነው ሰው የመኪና ቦታ ሸለመ፣ ለዚያ ቦታ ሲባል የእሷ መኪና ተነሳ፣ መኪናዋ ስለተነሳ ልትባረር ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ መኪናዋን ለማስለቀቅ ሁለት መቶ አርባ ዶላር ከፍለን፣ ደረሰኙ ላይ «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ተብሎ ተጽፏል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ሲባል የሰማሁት ድሮ ነው፤ ራሱ ገርፎ ሲያመሰግን ያየሁት ግን ዘንድሮ ነው።

አራተኛም አምስተኛም ነበረኝ፤ ንዴት አስረሳኝ።

የነርሶቹ ዲን ስለ ጉዳዩ ሳነጋግራቸው ደንቡ የሙያ ማኅበሩ ነው አሉኝ፤ የማኅበሩ ሰዎች ደንቡ የኮሌጁ ነው አሉኝ፤ የግቢው ፖሊስ ትእዛዙ ከስፖርት ክፍሉ ነው አለ፤ ስፖርት ክፍሉ ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ ነው አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ቆይቶ በመጨረሻ እርስዎ በር ላይ ደረስኩ። ከእርስዎ በላይ የቀረው እግዜር ነው፤ እሱን በየማታው እያነጋገርኩት ነው።

የምለምንዎ ገንዘብ አይደለም። ክፍያውንም አይመልሱ፣ ወንበሮቹም ይሙቁ፣ ሣሩም ይለምልም። ሐሙስ ከስምንት ሰዓት በፊት ለኮሚቴው አንዲት መስመር ይጻፉልኝ፤ «ያቺን ቅዳሜ ልጅቷን ያስቀረናት እኛ ነን» ብለው። አንድ መስመር ናት፤ እውነት ናት፤ ከእርስዎ በቀር በዚህ ግቢ ሊጽፋት የሚችል የለም። ባሌ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ሊያንን ጠርቶ፣ «እኔን እንዳስታመምሽኝ ሰው አስታሚ» ብሏታል። ያንን አደራ በመኪና ማቆሚያ ምክንያት ማጣት አልችልም፤ አቅቶኛል፣ በግልጽ ልንገርዎ፣ እንቅልፍ ካየሁ አሥር ቀኔ ነው።

ለሰጡን ነፃ ትኬት፣ ለላኩልን ደስታ፣ ለወሰዱልን መኪና ከመቀመጫዬ ተነስቼ እጅ እየነሳሁ፣ የኮሌጅዎ ትሁት ከፋይ፣ በስሟ ምንም ሰሌዳ ያልቆመላት፣

ቨርና ስቲድሃም
ኮልተን ፎርክ፣ ዌስት ቨርጂኒያ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልልክ ስል አንዲት የማላውቃት ሴት ስልኬን ከማውጫ አግኝታ ከሚሲሲፒ ደወለችልኝ። ልጇ ኬንደል የቡድንዎ የመጀመሪያ ዓመት ተጫዋች ነው፤ በዚያ ጨዋታ ጉልበቱ ተሰብሮ ወደዚያው ሆስፒታል ተወስዷል። አብሮት የሄደው የቡድኑ ሰው ጨዋታው ሳያልቅ መመለስ ስለነበረበት ልጁ ኮሪደር ላይ ብቻውን ቀረ። ልጄ ደግሞ ከልምምዷ ብትባረርም ወደ ቤት መሄጃ መኪና ስላልነበራት የመጠባበቂያ ወንበር ላይ ነበረች፤ ወደ ቀዶ ጥገና እስኪገባ ድረስ አራት ሰዓት እጁን ይዛ፣ እናቱን በስልክ እያረጋጋች ቆየች። ሴትየዋ «ኮሌጁ ለልጄ ነርስ ስለላከልኝ ማንን ላመስግን?» ብላ ጠየቀችኝ። የእርስዎን ቢሮ ስልክ ሰጠኋት፤ ሐሙስ ልክ በስምንት ሰዓት ትደውላለች። እባክዎ ያቺ ነርስ በዚያች ሰዓት የት ክፍል እንደተቀመጠችና ለምን እንደተጠራች ይንገሯት።