ለሦስተኛ ጊዜ ሲንኳኳ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ደረጃ ስትወጪ ጉልበትሽን አሁንም ያምሻል ወይስ ቅባቱ ረዳሽ? እኔ ከእንቅልፍ በቀር የጎደለኝ የለም፣ ደህና ነኝ። ብደውልልሽ ገና የዘፈን አልበሜን ሳነሳ እንደምትዘጊብኝ ስለማውቅ ነው የጻፍኩልሽ። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

አክስቴ ነግራኛለች። ልጄ ሌላ ዘፈን ጠፍቶባት ነው ስለ ሙታን የምታንጎራጉረው፣ ይቺ ሟርተኛ ብለሽ ተቆጥተሻል አሉ። አልፈርድብሽም፣ ለሠርግ የሚሆን ሥራ አይደለም። ዘፈኖቹ ሁሉ ተያይዘው አንድ ታሪክ ናቸው። አንድ ሰው ይሞትና ወደዚያኛው ዓለም በእግሩ ይሄዳል፤ በቃ፣ ይኸው ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ የራሱ ወግ አለው። መንገደኛው ወንዝ ይሻገራል፣ መንገድ መሪ ያገኛል፣ ወደ ኋላ እንዳይዞር ይነገረዋል፣ መጨረሻ ላይ በር ጠባቂ ይጠብቀዋል። ወንዙን ከበሮ መቺያችን በባልዲ ውኃ እያንቦጫረቀ ሠራው፤ የስቱዲዮው ምንጣፍ እስካሁን አልደረቀም። ቤዝ ተጫዋቹ ደግሞ ሰውዬው መመለስ አለበት ብሎ ሳምንት ሙሉ ነዘነዘን። ካልተመለሰ ታሪኩን ማን ነገረን ይላል። የእኛ ሰው አይመለስም፣ የሚያወራለት ቤት የቀረው ነው አልኩት። ከዚያ ወዲህ አኩርፎኛል፤ ኩርፊያው ግን ለአጨዋወቱ በጅቶታል።

ጣጣው የመጣው በሩ ላይ ስንደርስ ነው። በተረት ሁሉ ሦስት ጊዜ ነው የሚንኳኳው። በመጀመሪያው ዝም ይባላል፣ በሁለተኛው ማነው ይባላል፣ በሦስተኛው ይከፈታል። እኔ የጻፍኩት ሁለቴ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ዝምታ፣ ዘፈኑም እዚያው ያልቃል። ቀረጻውን የሚሠራልን ልጅ ሦስተኛውን ረሳሽው እንዴ ቢለኝ፣ ዜማው አይፈቅድም ብዬ ዋሸሁት። እውነቱን የምናውቀው አንቺና እኔ ነን። ወንድሜም ያን ቀን ሁለቴ ነው ያንኳኳው።

አንድ ቦታ አይቀመጥም ብለሽ ፌንጣ ያልሽው ልጅሽ። ዝናብ ነበር፤ ጠጥቶ ሲመጣ ደግሞ ለስንተኛ ጊዜው እንደሆነ እንጃ። እንዳትከፍቺለት፣ ይማርበት አልሽኝ። የሚያስቆጣ ልጅ ነበር፤ ሞተ ተብሎ መልአክ አናደርገውም። ናፍቆኛል ግን፣ በጣም። ደግሞ እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ሁለተኛውን ሲያንኳኳ ነጠላ ጫማሽን በእግርሽ ስትፈልጊ አይቼሻለሁ። አንዱን አጥልቀሽ ነበር። እማ፣ ልትከፍቺለት ነበር እኮ። እሱ ነው ያልጠበቀው፤ በዚያው ሄዶ ቀረ።

ስለዚህ ሦስተኛውን ጨመርኩት። ከበሮ መቺው በጣቱ አንጓ የስቱዲዮውን የእንጨት በር አንኳኳው፤ ቁርጥ የእኛን በር መሰለኝ። ለበር ጠባቂው አንድ ጡረታ የወጡ የቲያትር ተዋናይ አስመጥተን ነበር። ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ነው። ማነው ሲሉ ከበሮ መቺው፣ እኔስ ይህን ሰምቼ አልገባም፣ ሜዳ ላይ ባድር ይሻለኛል አላቸው። ሽማግሌው ሳይቀየሙ ሳቁና፣ እውነቱን ነው፣ እኔ ማስፈራራት እንጂ ማስገባት አልችልበትም ብለው ባርኔጣቸውን አንስተው ሄዱ።

ማስገባት የምትችይበት አንቺ ነሽ። ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲመጣ የምትይውን፤ ግባ፣ እግርህን ጥረግ፣ በሩን ዝጋው ትይው የነበረውን። እሱን ብቻ በይልኝ። አክስቴ በስልኳ ቀድታ ትላክልኝ፤ ዓርብ ሥራውን እንጨርሳለን። ካልሆነልሽም አልቀየምሽም፤ ቦታውን ባዶ እተወዋለሁ እንጂ ሌላ ሰው አላስገባበትም። ድምፄ ይንቀጠቀጣል ብለሽ አትሳቀቂ። እሱ ያውቀዋል።

አክስቴ ሌላም ነገር ሹክ ብላኛለች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሩን ሳትቆልፊ ነው አሉ የምትተኚው።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ክፉ አይንካሽ። ግባ ካልሽው በኋላ ግን፣ እማዬ፣ በሩን ቆልፊና ተኚ።

በኩር ልጅሽ