ሰባት ቤት የቆጠሩልን ሰውዬ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

የስድሳ ሁለት ተማሪ ደብተር አረምኩ። ወገቤ ሊቆረጥ ነው። ማታ ያ የቴሌቪዥን ድራማ... አባት፣ እናትና ልጆች ተደራጅተው ሰው የሚያጭበረብሩበት። እማዬ ጎረቤቶቿ ይመስል ትሰድባቸዋለች። አባዬ "ኧረ ዝም በይ፣ ልስማበት!" ይላታል።

እሑድ፣ ኅዳር 7

የደመላሽ ሽማግሌዎች መጡ! ዋናው አጎቱ ጋሽ ቢተው ናቸው፤ ከደብረ ኤልያስ። "ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው" ብሎኛል። እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው! ሰባት ቤት ሲቆጥሩ አንዴ እንኳ አልተደናቀፉም። አባዬም የኛን ቆጠረ። አንድም የገጠመ ስም የለም... ዘመድ አይደለንም፣ እልልል! ሠርጉ ለጥር ተባለ። እማዬ ጋሽ ቢተውን "በሞቴ" እያለች ሦስቴ አጎረሰቻቸው። እኔ ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ዘለልኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9



ድራማው ላይ አንድ የሐሰት ዳኛ ገባ። ጢሙን እየዳበሰ... አባዬ "ቆይ፣ ቆይ... እኒህ ሰውዬ..." አለ። ጋሽ ቢተው! ራሳቸው! እማዬ "በስመ አብ!" ብላ ብድግ።

ደመላሽ ጋ ደወልኩ።

"አጎትህ ተዋናይ ናቸው እንዴ?"



"የኔአለም፣ እኔ አጎት የለኝም።"

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ደመላሽ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሕፃን ሆኖ ደብረ ወርቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተጥሎ ነው የተገኘው። "ወገን ለሌለው ማን ልጁን ይድርለታል?" አለኝ። ሰውዬውን ለምኖ አመጣ። ስሞቹን ሁሉ ከጭንቅላታቸው እየፈጠሩ ነው የቆጠሩት! አባዬ ፊት!

"በቴሌቪዥን እንደሚወጡ እኮ አልነገሩኝም" ይላል ደግሞ።

"አጭበርባሪ!" አልኩት። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። አለቀሰ። እኔም... ቤት ገብቼ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬም ደመላሽን ስሰድበው አባዬ "ተይ፣ ልጁን አትስደቢው" አለኝ። እንዴት? እሱ አይደል የተታለለው!

እማዬ "ንገራት እንግዲህ" አለችው።

ምኑን?

"እሑድ ዕለት የቆጠርኩት የኔን ሰባት ቤት ነው" አለ። "ያንቺን አላውቀውም።"

የአራት ወር ልጅ ሆኜ ነው ያመጡኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ሁለቱም! አባዬ ሽበቱን ይዞ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ለካ ድራማው እኛው ነን።

ደመላሽን በምን አፌ ነው የሰደብኩት? ዘመዴስ ቢሆን? ማን ቆጥሮ ይነግረናል?

ሰኞ፣ ኅዳር 15

አባዬ አንድ ስም ነገረኝ። እቴናት። አምበር ከተማ ናት፣ በሕይወት አለች። የወለደችኝ።

ለደመላሽ ሁሉንም ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። "መቼ እንሂድ?" ብቻ አለ። ሠርጉ ይኑር፣ ይቅር፣ እኔ እንጃ። መጀመሪያ ሰባት ቤቴን እሷን ልጠይቃት። ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ነገ ጠዋት መናኸሪያ እንገናኛለን።

እማዬ ስንቅ ስትቋጥርልኝ ጠየቅኳት።

"ምን ብዬ ልጥራት?"

ቋጠሮውን ፈታ እንደገና አሰረችው። ፊቷን አላሳየችኝም።

"እማዬ በያት" አለችኝ።