የጤና ጣቢያው ፀሐይና የሸፊ በርበሬ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለሸፊ፣
ጆሃንስበርግ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ነህ? ጤናህስ? ሱቁስ እንዴት ይዞሃል? ያ የወገብ ሕመምህ ተሻለህ ወይስ አሁንም የስኳር ከረጢቱን ብቻህን ነው የምታነሳው? ባለቤትህ ኢክራምስ ደህና ናት? ኑሕስ ጥርስ አበቀለ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም። ደህና ነን ስልህ ደግሞ በስልክ እንደምንለው ዓይነት ደህና አይደለም፤ የእውነቱን ነው። ለምን እንደሆነ ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ።

በወረቀት የምጽፍልህ በእማዬ ትእዛዝ ነው። "በስልክ ሲነግሩት እሺ እሺ ብሎ ይዘጋል፤ ወረቀት ግን እጁ ላይ ስለሚቀር ያፍራል" አለች። ለእረፍት የመጣው ጓደኛህ አሽረፍ ወደ እናንተ ሲመለስ እማዬ ካዘጋጀችልህ በርበሬ ጋር አብሮ ያደርስልሃል። እንድጽፍ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "በርበሬው ንጹሕ ቦታ ነው የደረቀው በይው" ብላኛለች። ይኸው አልኩህ። የት የት እንደደረቀ ሳልነግርህ ብቀር ግን ሆዴ አይችለውም።

ጤና ጣቢያውን መቼም አትረሳውም። ቀጨኔ ዳገት አይደል፣ የእሱ ጣሪያ ከእኛ ግቢ ጋር እኩል ነው። ልጅ ሳለህ ኳስህ እዚያ ላይ እየወደቀች ዘበኛው ጋሽ ጉታ ስንቴ ጆሮህን ቆንጥጦሃል። እኔ አሁን እዚያው ክትባት ክፍል ነው የምሠራው። መብራት በጠፋ ቁጥር ክትባቱ እንዳይበላሽ ጄኔሬተር ይነሳ ነበር፤ የጄኔሬተሩ ቤት ደግሞ የተሠራው ልክ ከእማዬ መስኮት ሥር ነው። አስሟን ታውቀዋለህ። እኛ ከታች የሰውን ልጅ ከበሽታ እናድናለን፣ የእኛው የናፍጣ ጭስ ከላይ የገዛ እናቴን ያፍናል። መስኮቷን በላስቲክ ደፍና፣ ትራስ ደራርባ፣ ተቀምጣ ነበር የምታድረው። ይህን በስልክ አልነገርንህም፤ አትንገሪው ብላ ነው።

ባለፈው መስከረም ግን አንድ የረድኤት ድርጅት ጣሪያው ላይ ሶላር ተከለልን። ፍሪጁም መብራቱም፣ በካርድ ወረቀት ፈንታ የመጣው ታብሌትም በፀሐይ መሥራት ጀመረ። ጄኔሬተሩ ተጭኖ ወደ መጋዘን ሄደ፤ ባዶ ቆርቆሮ ቤቱ ብቻ ቀረ። የሶላሩ ጉድ ደግሞ በየሰዓቱ ስንት ኃይል እንደሰጠ ራሱ ለኡርጌሳ ስልክ መናገሩ ነው። ኡርጌሳ ሶላሩን የተከለው ወጣት ኢንጂነር ነው፤ ስልኩ ላይ ከፍና ዝቅ የሚለውን መስመር እንደ ልጁ ፎቶ ላገኘው ሰው ሁሉ ያሳያል።

ኅዳር ሲገባ ይህ መስመር ታመመ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ አናት እየበሳች፣ መስመሩ ጠዋት ጥሩ ይነሳና ረፋዱ ላይ ዘጭ ይላል። ባትሪው ሳይሞላ እያደረ አንድ ቀን ፍሪጁ ይጮህ ጀመር። ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ታቅፌ በታክሲ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ አሸሸሁት፤ ረዳቱ ሳጥኑን አይቶ "እህቴ፣ ዓሣ ከሆነ ወደ ኋላ ሂጂልን" አለኝ።

ኡርጌሳ መጣ። ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ሁሉን ነካካ፣ ምንም ጉድለት የለም፤ መስመሩም ቀጥ ብሎ ተነሳ። ሄደ፤ መስመሩ ወደቀ። ደግሞ መጣ፤ ደግሞ ተነሳ። አቧራ ነው አለ፣ ወፍ ነው አለ፣ በመጨረሻ ገመዱን ሁሉ ፈትቶ እንደገና አሰረው። ጋሽ ጉታ "ሶላሩ እንደ ተማሪ ነው፤ አስተማሪ ክፍል ሲገባ ብቻ ነው አርፎ የሚቀመጠው" አለ። ኃላፊያችን ሲስተር ዘርትሁን በቤተ ክርስቲያኗ የጸሎት ቡድን አስጸለየችለት። እኔም በበኩሌ ዱዓ አደረግኩ። በሁለት ሃይማኖት ተለምኖ መስመሩ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ድርጅቱ ቁርጡን ነገረን። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ሶላሩ ተነቅሎ ለሚጠቀምበት ጤና ጣቢያ ይሰጣል፤ ጄኔሬተሩም ወደ ቦታው ይመለሳል ተባለ። ያን ቀን ቤት ገብቼ የእማዬን መስኮት ሳይ እንባዬ መጣ። እንዳትጨነቅ ብዬ ግን አንድም ነገር ሳልተነፍስላት ቀረሁ። ነግሬያት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ ያልቅ ነበር።

አንድ ሐሙስ እማዬ ለቅሶ ሄደች። ኡርጌሳም የዚያን ዕለት ማኪናው ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ስለቆመችበት ሳይታሰብ በእግሩ ከች አለ። መሰላሉን ይዞ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ከጣሪያው ላይ የማያባራ ማስነጠስ ሰማን። ሲወርድ ዓይኑ ደም መስሏል፣ እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ ቃል ማውጣት አቅቶታል። ሲስተር ዘርትሁን ራሷን ይዛ "ሰረቁት! ሶላሩን ሰረቁት!" ብላ ጮኸች። ጋሽ ጉታ ዱላውን ይዞ ወደ በሩ ሮጠ፤ ማንን እንደሚያሳድድ ግን አላወቀምና በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ዓይኑን አጥበን ትንፋሹ ሲመለስ ኡርጌሳ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ "በርበሬ ተሰጥቶበታል" አለ።

ወጣሁና አየሁት። ወላሂ ሸፊ፣ አንተ የላክኸው አንሶላ! ያ ትልቅ አንበሳ ያለበት፣ እማዬ "በዚህ ላይ እንዴት ይተኛል" ብላ ሳጥን ውስጥ የቆለፈችበት። ከግቢያችን እጅ ሲዘረጉ የሚደረስበት የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተንሰራፍቶ፣ አንበሳው እስከ ዓይኑ ድረስ ዛላ በርበሬ ለብሷል። ለካ እማዬ ጠዋት እኔን ሸኝታ ታሰጣለች፣ ሳልመለስ ትሰበስባለች። የኡርጌሳ ማኪና ዳገቱ ላይ ስታቃስት በሰማች ቁጥር ደግሞ በልጄ በርበሬ ላይ የባዕድ ዓይን አይረፍ ብላ እየሮጠች ታነሳዋለች። ያንተ የሆነን ነገር ከሰው ዓይን እንዴት እንደምትደብቅ ታውቃለህ። ድሮ ቆርቆሮው ላይ ነበር የምታሰጣው፤ መስታወቱ ሲመጣ ጊዜ "ይኼማ ይበልጥ ንጹሕ ነው" ብላ ወደዚያ አዛወረችው።

ከለቅሶ ስትመለስ ኡርጌሳን ይዤባት ገባሁ። ዓይኑን አይታ ደነገጠችና "አላህ ያጽናህ ልጄ፣ ማን ሞተብህ?" አለችው። እሱም "ማዘር፣ ማንም አልሞተብኝም፤ የእርስዎ በርበሬ ነው" አላት። እማዬ መች እጅ ትሰጣለች። ፀሐይ የአላህ ናት፣ የኔ በርበሬ ስንት ፀሐይ ሊጠጣ ነው፣ የቀሩት መስታወቶች ምን ነካቸው ብላ ሞገተችው። አንዱ ረድፍ ሲሸፈን አብረውት የታሰሩት ሁሉ እንደሚደክሙ ቢያስረዳት "ሰነፎች ናቸዋ!" አለችው።

ከዚያ ኡርጌሳ እኔ የደበቅኳትን ነገር ነገራት። ሶላሩ ሊነቀል ነው፣ ጄኔሬተሩ ሊመለስ ነው አላት። እማዬ መስኮቷን አየች፣ ደረቷን በመዳፏ ያዝ አደረገች። "ለሸፊዬ ብዬ ነበር፤ እዚያ ያለው በርበሬ ቀለም እንጂ ማቃጠል የለውም ብሎኝ" አለች። ቀጥላም "ጄኔሬተሩ ከሚመለስስ ሸፊ አልጫ ይብላ!" ብላ ፈረደች። ወንድሜ፣ ባንተ ላይ ስትፈርድ በሕይወቴ ገና መስማቴ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

አልጫ ግን አልተፈረደብህም። የባዶው ጄኔሬተር ቤት ጣሪያ ትዝ ያለው ጋሽ ጉታ ነው። ሲስተር ዘርትሁን "ሲደቆስ ለእኔም አንድ እፍኝ" ብላ ፈቀደች፤ በርበሬህ ያ ሁሉ ጭስ ይወጣበት በነበረው ቆርቆሮ ላይ ደርቆ አለቀ። እማዬም ከዚያ ወዲህ የሶላሩ ባለቤት ሆነች። ጠዋት ጠዋት ረጅም እንጨት ላይ እርጥብ ጨርቅ አስራ ትወለውለዋለች። ቁራ አታሳርፍበትም። የጎረቤታችን የዓለሜ ልብስ በነፋስ ሄዶ አንዱ ላይ ቢያርፍ "የሰው ሕፃን ክትባት ልታበላሺ ነው?" ብላ ሰፈሩን ቀወጠችው። ሲመሽ በእኔ ስልክ ለኡርጌሳ ትደውልና "መስመሬ ዛሬ እንዴት ዋለ?" ትለዋለች። ባለፈው ሳምንት ሶላሩ እንደማይነቀል ተነገረን፤ እንዲያውም ድርጅቱ ከተከለባቸው ጤና ጣቢያዎች የእኛ መስመር አንደኛ ሆኗል። እማዬ "በርበሬው አሙቆት ነው" ትላለች።

የመስኮቷን ላስቲክ ገንጥላ ጣለችው። አንሶላውንም አጠበችና "ከእንግዲህ ለማን ላስቀምጠው" ብላ አልጋዋ ላይ አነጠፈችው። ትናንት ሱብሒ ሰግዳ ጋደም ካለች በኋላ ሳሏን አጣሁት። ሳሏን ሳልሰማ ነግቶልኝ አያውቅምና ሮጬ ሄድኩ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ የእንጦጦ አየር ይገባል፣ እማዬ ያለ ድርብ ትራስ አንበሳው ላይ ጋደም ብላ እንደ ሕፃን ተኝታለች። ሸፊ፣ እናታችን ተኝታ ስትተነፍስ ቆሜ ሳዳምጥ ረፈደብኝ። አልፎ አልፎ ታስነጥሳለች፤ እሱ ግን የበርበሬው ነው፣ ከአንሶላው ገና አልለቀቀም።

ኢክራምን ሳምልኝ። ኑሕን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝና አክስትህ ክትባትህን በጊዜው ተከተብ ብላሃለች በለው። ታናሻችን አቢ ሰላም ብሎሃል፤ ኳሱ ጣሪያው ላይ ብትወድቅ ጆሮ የምትቆነጥጠው አሁን እማዬ ስለሆነች ሜዳ ቀይሯል። ጋሽ ጉታም ጆሮህ ደህና መሆኑን ጠይቆሃል። ሲስተር ዘርትሁን ጌታ ይባርክህ ትልሃለች። ኡርጌሳም ሰላም ብሎሃል፤ ዓይኑ ድኗል፤ ሶላሩን ለመጎብኘት ይመጣል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ። እማዬ ይኸው አጠገቤ ቁጭ ብላ አንተን በስምህ እየጠራች ትመርቃለች። ይህን ሁሉ ገጽ ስጽፍ እያየች "ንጹሕ ቦታ ብለሻል?" ትለኛለች። ብያለሁ አልኳት።

የምትወድህ እህትህ
ጀዊሪያ
ጉለሌ፣ ቀጨኔ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.