ሟቹ ያልተገለጸበት ጉድጓድ

ቦንጋ
ሐሙስ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለታችኛው ወንዝ ዳር ቀበሌ የወባ መከላከልና የልማት ዘመቻ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ ነሥቼ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤና እጠይቃለሁ። የሚኖሩት ከላይ ኮረብታው ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ሰፈር ስለሆነ ትንኝ ደጃፍዎን እንደማትረግጥ ሾፌርዎ ሱቄ ባትሪ ሊገዛ በመጣ ጊዜ ነግሮኝ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ቤት ሳይጠሩ መግባት ነውር መሆኑን ማወቋ ትንኟንም ያስመሰግናታል። አላህ ጤናዎን ያቆይልን። ኧረ እርስዎ ቢታመሙብን ደብዳቤዎቻችን የማን ጠረጴዛ ላይ ተኝተው ይከርማሉ?

እኔ ጁወይሪያ ያህያ እባላለሁ። ከመናኸሪያው ቁልቁል ሲወርዱ፣ ድልድዩ ጋ ሳይደርሱ፣ ሰማያዊ በር ያላት ሱቅ የኔ ናት፤ ሳሙና፣ ላምባ፣ ደብተርና ሚስማር እሸጣለሁ። አባቴ ከስልጤ መጥቶ ሱቋን ከፈተ፣ እኔ ደግሞ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አረጀሁ። የእጅ ጽሑፏ ያምራል ተብዬ የሰፈራችን ሴቶች እድር ጸሐፊ ከሆንሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እድራችን ውስጥ ሙስሊምም፣ ኦርቶዶክስም፣ ጴንጤም አለ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍሁት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። ከዚህ በፊት አሽገን ያስገባናቸው ሁለት ደብዳቤዎች ያገኙት መልስ እኛ ዘንድ ብቻ ተደብቆ መቅረቱ ስለከነከነኝ፣ የቦንጋ ሕዝብም አንብቦ ይማርበት ብዬ ነው።

ስለዚህ ምስጋናችንን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ በመጀመሪያ ስለ ጉድጓዱ እናመሰግናለን። የዛሬ ሦስት ዓመት በወባ ቀን፣ «ወባን ከዓለም እናጠፋለን» የሚል ጨርቅ ከድልድዩ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ተዘርግቶ፣ ከላይ የመጡ እንግዶች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ለስላሳ እየጠጡ፣ ለወባ መከላከያ ማዕከል የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ እኛም እልልታችንን አዋጥተናል። በማግሥቱ ኤክስካቫተር መጥቶ በርዝመት አሥራ ሁለት፣ በወርድ ሰባት እርምጃ የሚሆን፣ ጥልቀቱ እስከ ደረቴ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈረና አፈሩን አጠገቡ ከምሮ ሄደ። ይመለሳል ብለን ነበር የሸኘነው። የካፋን ዝናብ እርስዎም ያውቁታል፣ ሥራ ፈት አይደለም። ጉድጓዱ ውሃ ሞላ፣ ውሃውም ረግቶ ጠራ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ጤና ጣቢያው ይንገርዎ። ማዕከሉ ሳይሠራ ወባ ቀድማ ገብታ ሥራዋን ጀምራለች፤ ያለ አበል፣ ያለ ስብሰባ፣ ቅዳሜና እሑድ ሳትል። በእርስዎ መሥሪያ ቤት ሥር ካሉት ሁሉ በሰዓቱ ሥራዋ ላይ የምትገኘው እሷ ብቻ መሆኗን የምናገረው በምቀኝነት አይደለም።

2ኛ/ ሥራችንን በሪፖርትዎ ላይ ስላከበሩልን እናመሰግናለን። አምና ኅዳር ላይ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ሰው በወባ ቀበርን። ሦስተኛውን ቀብረን ስንመለስ የእድራችን ሊቀመንበር እትዬ ተሾመች፣ ከማንኪራ ማር እያስመጡ ገበያ የሚሸጡት፣ የእድሩን ድስት እያጠቡ ሳለ ቀና ብለው፣ እኛ ሁልጊዜ ሰው ከሞተ በኋላ ነው የምንሰበሰበው፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞት ብንሰበሰብ ምን አለበት አሉ። የእትዬ ተሾመች አማርኛ ከካፊኖኖው ጋር እየተጋፋ ነው የሚወጣው፤ እሳቸው ሲናገሩ ግን የሚያቋርጥ ሰው የለም። ከዚያን ቀን ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ተሰማ ልክ እንደ ለቅሶ ይነፋል፣ አርባ አንዳችንም ዶማና አካፋ ይዘን እንወጣለን። የመጀመሪያው ቅዳሜማ ጉድ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ማን ሞተ፣ ማን ሞተ እያለ እንባውን እያፈሰሰ ወጣ፣ እትዬ ተሾመችም ማንም አልሞተም እያሉ በየተራ አካፋ አስያዙት። የቀረች ሴት ከቀብር እንደቀረች ትቆጠራለች። እንዲህ እያልን ቦይ ጠረግን፣ አሮጌ ጎማ ገለበጥን፣ የሰባራ ገንቦ ውሃ ደፋን፣ ሠላሳ ኩሬም አፋሰስን።

እርስዎም በሪፖርትዎ ሦስት መቶ ብለው አስገቡት። ዜሮ ክብደት የላትም፣ ማንም ይሸከማታል። በግምገማው ላይ ግን አንድ ለአምስት ሳንደራጅ ውሃ ማፋሰሳችን እንደ ጉድለት ተነሣብን። እንደታዘዝነው ስድስት ስድስት ሆነን ብንቆም አምስታችን ተረፍን። የተረፍነው በየትኛው አደረጃጀት ሥር ሆነን ኩሬ እንደምናፋስስ መመሪያ እስኪመጣ ዳር እንድንቆም ተነገረን፤ መመሪያውን እስከ ዛሬ በአክብሮት እየጠበቅን ነው፣ ቆመን ሳይሆን እየቆፈርን።

3ኛ/ ከሁሉ በላይ ስለ ጽሑፍ መልሶችዎ እናመሰግናለን። ይህን ለመረዳት የጉድጓዱን ጎረቤት ማወቅ ያስፈልጋል። ከጉድጓዱ ጠርዝ እስከ መምህርት አልጣሽ ገብረወልድ ግድግዳ ስምንት እርምጃ ነው። አልጣሽ ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች፣ ባለቤቷ ተድላ አናጢ ነው። ከተጋቡ ስድስት ዓመታቸው ሲሆን ልጅ ያዩት በሰው ቤት ብቻ ነበር። ዘንድሮ አረገዘች። ወላሂ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያረገዘ ነበር የሚመስለው። ነሐሴ ላይ ወባ ያዛትና በመድኃኒት ተነሣች፤ ያኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ህይወት፣ ሌላ ጊዜ ከያዛት ለእሷም ለጽንሱም ያሰጋል፣ እባካችሁ ይህን ጉድጓድ አንድ በሉት ብላ ለመነችን። እኔም መስከረም 3 ቀን በእድራችን ማኅተም፣ «በሰፈራችን የሚገኘውን ጉድጓድ እድራችን በራሱ ጉልበት እንዲደፍን ይፈቀድልን» ብዬ በጥሩ ጽሕፈት ጻፍሁ።

መልስዎ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደረሰን፤ እንዳለ እገለብጠዋለሁ። «ከእድሩ የቀረበው ጉድጓድ የመድፈን ጥያቄ የሟች ስም፣ ዕድሜና የሞት ማስረጃ ያልተያያዘበት በመሆኑ ተሟልቶ እንዲቀርብ እናሳስባለን።»

የእድር ማኅተም አይተው፣ ጉድጓድ የሚል አንብበው፣ መድፈን የሚል ደርበው፣ እድር ከመቃብር ሌላ ምን ይደፍናል ብለው ነው መቼም። እኔ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ፤ ሱቅ ለገባ ሰው ሁሉ አነበብሁለት። እትዬ ተሾመች ግን አልሳቁም። ደግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝና፣ ሰው እስኪሞት ጠብቁ ነው የሚለው አሉኝ። እኔም፣ አይ፣ ስሕተት ነው፣ ሳያስተውሉ ነው ብዬ ለእርስዎ ተሟገትሁ። ይህን ውለታዬን ባይረሱብኝ ደስ ይለኛል።

ወዲያው ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍን። ጉድጓዱ የመሠረቱ ጉድጓድ መሆኑን፣ ሟች እንደሌለ፣ እንዲያውም የምንደፍነው ሟች እንዳይኖር መሆኑን፣ አልጣሽ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን አንድም ሳናስቀር ገለጽን። እርስዎም ጊዜዎን ሠውተው፣ «ሟች በሌለበት እድር ጉድጓድ የሚደፍንበት አሠራር ስለሌለ ጥያቄው ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን እየገለጽን፣ ቦታው የመንግሥት የልማት ይዞታ ስለሆነ አፈር የጨመረበት ማንኛውም ግለሰብ በሕግ የሚጠየቅ መሆኑን እናስታውቃለን» ብለው መለሱልን። ከዚህ ወዲያ ስሕተት ነው ብዬ መሟገት አቃተኝ።

4ኛ/ ስለ ፎቶግራፉም እናመሰግናለን። ደብዳቤያችን ፍሬ አላፈራም እንዳይባል ሦስት ባለሙያዎች ልከው፣ የአልጣሽ አጎበር በትክክል መሰቀሉን አረጋግጠው፣ ከፊትም ከጎንም ፎቶ አንሥተው፣ የሞዴል ቤተሰብ የምስክር ወረቀት ሰጥተዋት ተመልሰዋል። የሦስቱም ጀርባ ወደ ጉድጓዱ ነበር። ትንኟ እንግዲህ የምስክር ወረቀት ማንበብ አልተማረችም፤ አልጣሽ አመሻሹ ላይ የተማሪ ደብተር ስታርም ከአጎበሩ ውጭ እንደምትቀመጥ ግን ታውቃለች።

5ኛ/ ይህኛውን በምስጋና መጀመር አልቻልሁምና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጥቅምት 10 ቀን አልጣሽን ትኩሳቱ መልሶ ያዛት። ተድላና እኔ በባጃጅ ደግፈን ሐኪም ቤት አደረስናት። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገው እሷን አተረፏት፣ የሰባት ወር ልጇን ግን አልቻሉም። ወንድ ነበር። ፀጉሩ ጥቁር ነበር፤ አቅፌዋለሁና አውቃለሁ። የእድራችን ደንብ ስም ላልወጣለት ልጅ ጡሩምባ አይነፋም ይላል፣ ደንቡን በእጄ የጻፍሁት እኔ ነኝ። እትዬ ተሾመች ግን ጋሽ ተሰማን ንፋ አሉት። ቀኑ ማክሰኞ ስለነበር ሰው አካፋ ሳይዝ ወጣ።

ከቀብር በኋላ ቢሮዎ ሄድሁ፣ ሟች አምጡ ብለውን አልነበር? የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ማመልከቻዬን አገላብጦ አየና፣ የሟች ስም የሚለው ቦታ ባዶ ስለሆነ ሊቀበለኝ እንደማይችል ነገረኝ። ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት፤ አልክድም። በዕድሜዬ ሰው ላይ ጮኼ የማላውቅ ሴት እዚያ ቢሮ ውስጥ ጮህሁ። አሁንም ስጽፍ የጽሕፈቴ ማማር የለም። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ በእርስዎም ተናድጃለሁ፣ ያን የመጀመሪያ መልስ አንብቤ በሳቅሁት በራሴም ተናድጃለሁ።

እንግዲህ ቅጹን እዚሁ ሕዝብ ፊት ሞልቼ አቀርባለሁ።

የሟች ስም፦ አልወጣለትም።
ዕድሜ፦ አልጀመረም።
አድራሻ፦ ከመሠረት ድንጋይዎ ስምንት እርምጃ።
የሞት ማስረጃ፦ እናቱ።

የጎደለ ነገር ካለ በደብዳቤ ቁጥርና ቀን ጠቅሰው ያሳውቁን። ከተሟላ ደግሞ፣ ከዚህ በታች የስም ዝርዝራችን የተያያዘው አርባ አንድ ሴቶች፣ በአንድ ለአምስት የተደራጀነውም የተረፍነውም፣ ያን ጉድጓድ ለመድፈን ፈቃድዎን ለመጨረሻ ጊዜ በትሕትና እንለምናለን። ዓለምን ከወባ የማጥፋቱን ትልቅ ሥራ ለእርስዎና ለእንግዶችዎ ትተናል፤ ለኛ ስምንት እርምጃዋ ትበቃናለች።

ለሥራዎ ስኬት፣ ለወንበርዎ ዕድሜ፣ ለማኅተምዎም ቀለም እየተመኘሁ፣ ከጉድጓድዎ አጠገብ በጎረቤትነት የምኖር፣ ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት እንደ ውሃው የረጋ፣

ጁወይሪያ ያህያ
የእድሩ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለቦንጋ ከተማ ሕዝብ
ለባጃጅ ሾፌሮች በሙሉ (ከመዝገብ ቤት ቶሎ ስለሚያደርሱ)
ለመዝገብ ቤት (እንደተለመደው እንዲተኛ)

ተጨማሪ ማስታወሻ፣ እሑድ ጥቅምት 24 ቀን፦

ይህን ደብዳቤ ሐሙስ ጽፌ ጨርሼ መልስዎን በትዕግሥት ለመጠበቅ ቆርጬ ነበር፤ ትዕግሥቴ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ በመቆየቱ በጣም አፍራለሁ። ትናንት ጋሽ ተሰማ ጡሩምባውን ነፋ፣ ውሃውን በቦይ ወደ ወንዙ ለቀቅነው፣ ያ የተከመረ አፈርም ሦስት ዓመት ሙሉ እኛን ሲጠብቅ ኖሮ እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ ወደመጣበት ተመለሰ። የመሠረት ድንጋይዎን አቧራ ጠርገን በቦታው ትተነዋል። በሕግ ይጠየቃል ያሉት ቃልዎ እንዳይታጠፍ ተከሳሾቹን እንዲያገኙ ላግዝዎ ብዬ ነው ይህን መጨመሬ። አልጣሽን ተኚ ብለናት ነበር፤ ተድላን ተደግፋ መጣች፣ አካፋውን ከእጄ ወስዳ የመጀመሪያውን አፈር የጣለችው እሷ ናት። ስለዚህ ክሱን ከእሷ ይጀምሩ፤ አርባዎቻችን ከኋላዋ ተሰልፈን እንመጣለን።