ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ልጄ ቱያራ፣ የምድጃሽ እሳት አይጥፋ፤ የሴኡል ሰው ክፉ አያናግርሽ። እንዴት ነሽልኝ? ወፍራም ካልሲ ታደርጊያለሽ?

እኛ ጋ ዛሬ ከዜሮ በታች ሃምሳ አራት ነው። ላሟ ደህና ናት። አባትሽን ግን ከንጋት ጀምሮ ደረቱን ቀስፎ ይዞታል፤ ትንፋሽ አጥሮታል። ነርሷ "በዚህ ጭጋግ ሄሊኮፕተር አይነሳም፣ በመኪና ሆስፒታል አድርሱት" አለችን። ሌሎቹ መኪኖች ጭነት ይዘው ወጥተዋል። የቀረው የአባትሽ አሮጌ የጭነት መኪና ነው፤ እሱም አልነሳ አለ።

ብርዱ ከገባ እስኪወጣ ሞተር እንደማይጠፋ እዚህ ሕፃኑም ያውቃል። እኔ ግን ትናንት አጠፋሁት። ናፍጣው እንደ ሞራ ረግቷል። ሽማግሌው ጎረቤታችን ፕሮኮፒ ሞተሩን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ከሥሩ እሳት አንድዷል። እኔም እንደ ደንባችን ለእሳቱ ቅቤ የተቀባ ቂጣ ቆርሼ ጣልኩለትና "ብላ፣ ባሌን አትርፍልኝ" ብዬ ለመንኩት። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ዝም አለ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነክቶሽ አጠፋሽው?" አለኝ ፕሮኮፒ።

"ጩኸቱ ራሴን አዞረኝ" ብዬ ዋሸሁት።

እሳቱ ሞተሩን እስኪያሞቀው፣ እውነቱን ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። ትናንት ስትደውዪ ሞተሩ ከመስኮቱ ሥር እያጓራ ድምፅሽን ዋጠብኝ። ሮጬ ወጥቼ አጠፋሁት። ስልኩን ስትዘጊው ደስታው ይዞኝ መልሼ ማስነሳቱን ረሳሁት።

ፕሮኮፒ እየጠራኝ ነው። ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ እጅሽ የነካው ይባረክ። ደግሞ ስትደውዪ፣ እባክሽ ልጄ፣ ትንሽ ጮክ በይልኝ።

እናትሽ